«አምስት ሰከንድ ተቀጣ» ይባላል?

ጥያቄ፦ የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ተከታታይ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር እ.ኤ.አ. የ2019ኙን የካናዳ ውድድር አንስተን ስንከራከር «ቬተል አምስት ሰከንድ ተቀጣ» አልኩ። አንዱ ጓደኛዬ «ሰው ብር ይቀጣል እንጂ ሰከንድ አይቀጣም፤ የአምስት ሰከንድ ቅጣት ተጣለበት በል» ብሎ አረመኝ። ሌላው «ድሉን ተሰረቀ» ሲል ደግሞ «ተሰረቀበት ነው የሚባለው» አለው። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ጓደኛዎን ሳላየው አወቅኩት። «ቅጣት ተጣለበት» ከሚሉ ሰዎች ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ስለዚህ መልሴ ከጥያቄዎ ብዙ ሊረዝም ነው፤ ይታገሡኝ።

ውድድሩን ላላየ ሰው ባጭሩ ልንገር። ሞንትሪያል ላይ፣ ከ70ው ዙር በ48ኛው፣ ሲመራ የነበረው የፌራሪው ሴባስቲያን ቬተል መስመር ስቶ ሣር ላይ ወጣ። ወደ መንገዱ ሲመለስ ከኋላ የደረሰበትን የመርሴዲሱን ሉዊስ ሃሚልተንን ከግድግዳው ጋር ሊያስታክከው ጥቂት ቀረው። ዳኞቹ አመላለሱ አደገኛ ነው ብለው አምስት ሰከንድ ፈረዱበት። ቬተል የመጨረሻውን መስመር ቀድሞ አለፈ፤ አሸናፊ ተብሎ የተመዘገበው ግን ሃሚልተን ነው። ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ተበላ!» ብሎ ጮኸ፤ ግማሹ «የእጁን አገኘ» አለ። ቬተልም ከሃሚልተን መኪና ፊት የቆመውን፣ ደረጃ የሚያሳየውን የ«1» ሰሌዳ አንስቶ በ«2» ቀየረው።

አሁን ወደ ግሡ። «ቀጣ» ሁለት ተሳቢ መሸከም የሚችል ግሥ ነው። «ዳኛው ሰውየውን መቶ ብር ቀጣው» እንላለን። ሰውየው አንድ፣ መቶ ብር ሁለት። ወደ ተደራጊ ሲዞር አንደኛው ተሳቢ ባለቤት ይሆናል፤ ሁለተኛው ካለበት አይነቃነቅም። «ሰውየው መቶ ብር ተቀጣ።» ይህ የሰፈር አማርኛ አይደለም፤ የቋንቋው አሠራር ነው።

ተደራጊ ግሥ ተሳቢ አይኖረውም ብለው የሚያስተምሩ እንዳሉ አውቃለሁ። ሕጉን ከሌላ ቋንቋ ሰዋስው ገልብጠው ያመጡት ይመስለኛል። «ስልኬን ተሰረቅኩ»፣ «ገንዘቡን ተበላ»፣ «መሬቱን ተቀማ» ሲባል ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ አለ? «ን»ዋ እኮ እዚያው ቁጭ ብላለች። እነዚህን ሁሉ ስሕተት የሚል ሰዋስው፣ ስሕተቱ ራሱ ጋ ነው።

በዚህ መሠረት «ድሉን ተሰረቀ» ያለው ጓደኛዎ ልክ ነው። «ድሉ ተሰረቀበት»ም ልክ ነው፤ እዚህ ባለቤቱ ድሉ ነው፣ ጉዳቱን ለሰውየው የምታደርሰው «በት» ናት። የማይሆነው ሁለቱን ማደባለቅ ነው። «ድሉን ተሰረቀበት» ካሉ ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አጥቶ ይንከራተታል። አራሚው ጓደኛዎ ሊያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው።

ሰከንዱ ግን ትንሽ ያስቸግራል። ብር ስቀጣ ብሩ ከኪሴ ይወጣል። ሰከንድ ስቀጣስ? አይወጣም፤ እንዲያውም ይጨመርልኛል፤ ይቅርታ፣ ይጨመርብኛል። ሌላም ጣጣ አለ። አማርኛ ጊዜን ያለ መስተዋድድ ሲያስቀምጥ ብዙውን ጊዜ ቆይታን ነው የሚነግረን። «አንድ ሰዓት ተቀጣ» ስንል ቅጣቱ አንድ ሰዓት ፈጀ ማለታችን ነው። «አምስት ሰከንድ ተቀጣ» የሚለውንም እንግዳ ሰው ቢሰማው፣ አምስት ሰከንድ ተቆንጥጦ የተለቀቀ ልጅ ነው የሚታየው።

የሚገርመው፣ ይህ ትርጉም በመኪና ውድድር ውስጥ በእውነት አለ። እንዲህ ያለ ቅጣት የሚከፈለው በሁለት መንገድ ነው። ተቀጪው ጎማ ሊቀይር ከገባ፣ መኪናው ሰከንዶቹ እስኪያልቁ ማንም ሳይነካው ይቆማል። ካልገባ ደግሞ በመጨረሻ ሰዓቱ ላይ ይደመርበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 እንግሊዝ ውስጥ ሲልቨርስቶን ላይ ሃሚልተን ከሌላው ተወዳዳሪ ከቬርስታፐን ጋር ተጋጭቶ 10 ሰከንድ ሲፈረድበት፣ ጎማ ሊቀይር ገብቶ ቆሞ ከፈላት። ውድድሩንም አሸነፈ። እዚያ ላይ «10 ሰከንድ ተቀጣ» ከየትኛውም ወገን ቢያዩት ቃል በቃል እውነት ነው። ቬተል ግን አልቆመም። መስመሩን በ1.342 ሰከንድ ቀድሞ አለፈ፤ 5 ሲደመርበት 3.658 ወደ ኋላ ቀረ። ለእሱ የሚስማማው ቃል «ተጨመረበት» ነው። እኔን ከጠየቁኝ «አምስት ሰከንድ ተጨመረበት» ይበሉ። ስሌቱም ፍርዱም ጉዳቱም በአንድ ቃል ገብቷል።

«ቅጣት ተጣለበት»ን ለምን እንደምጠላ ደግሞ ልናዘዝ። ግሥ እያለ ስም ጎትቶ አምጥቶ ሌላ ግሥ ማሸከም ነው። «ተቀጣ» ማለት ሲቻል «ቅጣት ተጣለበት»፣ «ተመረመረ» ማለት ሲቻል «ምርመራ ተደረገበት»። ቅጣት ድንጋይ ነው እንዴ የሚጣለው? ይህን ስል፣ ግብርም ዕጣም እምነትም ይጣላሉ ብሎ የሚሞግተኝ ይኖራል። ዕጣ መጣል ደግሞ የትናንት አነጋገር አይደለም። እሺ፣ ማስረጃው ከጓደኛዎ ጋር ነው። ጆሮዬ ግን ከእኔ ጋር ነው።

ከርእሱ ትንሽ ልውጣ። ደጋፊዎች ሲናደዱ «ዳኛ አይደሉም» የሚሏቸው የውድድር ዳኞች፣ ስማቸው ከባድ ነው። «ዳኛ» ከግእዙ «ደየነ» የመጣ ነው፤ ፈረደ ማለት ነው። ፈራጁ «ደያኒ»፣ የፍርዱ ቀን «ዕለተ ደይን»። በአማርኛ የ«ኒ» ድምፅ ተለውጦ «ኝ» ሆነ፤ «ለመነ» «ለማኝ» እንዳለው ሁሉ። ሌላው የግእዝ ቃል «ፈትሐ» ደግሞ ፈረደም ፈታም ነው። «ፍትሕ» እና «ፍቺ» የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ዳኛ የታሰረውን ፈቺ ነው ማለት ነው። ሞንትሪያል ላይ የሆነውን ሳስብ ግን፣ ዳኞቹ የፈቱት ቋጠሮ ሳይሆን አዲስ የቋጠሩት ነው የሚታየኝ። ይህ የሰዋስው ሐሳብ አይደለም፤ የተመልካች ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ደጋፊው ሁሉ «አምስት ሰከንድ ተቀጣ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ቆሞም ይክፈል፣ ተደምሮበትም ይክፈል፣ አንዷ አነጋገር ሁለቱንም ትሸፍናለች፤ የሚሳሳት ሰሚም የለም። «ተጨመረበት» የኔ ምርጫ ሆና ትቀራለች። የርስዎ ዓረፍተ ነገር ስሕተት የለበትም፤ ባይጥመኝም አሳልፌዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ከጓደኞችዎ አንዱ አሳጥሮ «ቬተል ተሰረቀ» ካለ እንዳይለቁት። ሰውየው እዚያው ነበር፤ ሰሌዳ ሲቀይር ሁላችንም አይተነዋል።