«ሁለት ዓመት አልጣለኝም፤ መድኃኒቱን ላቁም?»

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለሚጥል በሽታ ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄን ከጣለው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ፌኖባርቢታል ይውጣል። አባቱ «ድኗል፣ ይብቃው» ይላል። እኔ ፈራሁ። (እናት፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ሁለት ዓመት ሳይጥለው ከቆየ፣ ስለ ማቆም ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይቻላል። መነጋገር ነው ያልኩት። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ቢያንስ ሁለት ዓመት ያልጣላቸውን 1,013 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲታይ ከቀጠሉት 78 በመቶው፣ ካቆሙት ደግሞ 59 በመቶው አልጣላቸውም። አባትየው 59ኙን ያያል፣ እርስዎ 41ዱን። እየዋጡም የጣላቸው እንዳሉ ግን ልብ ይበሉ።

የልጅዎን ዕድል በዋናነት የሚወስነው የበሽታው ዓይነት ነው። የኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ) ውጤቱ ደህና ከሆነና አንጎሉ ላይ ጠባሳ ከሌለ ይሻላል። ይቁም ከተባለም በአንዴ አይደለም፤ ፌኖባርቢታል ቀስ እየተባለ በወራት ነው የሚቀነሰው። እኔ ብሆን ክረምት ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋና ቤት ሰው ሲኖር እጀምረው ነበር።

ጥያቄ፦ ሱባኤ ልገባ ነው። ጠበል እየጠጡ ኪኒን አይዋጥም አሉኝ። (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ኪኒኑን ይዘው ይሂዱ! አቡነ ጳውሎስ እንኳ በዘመናቸው የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ መክረዋል። በድንገት ማቆም የማያባራ መጣል ሊያመጣ ይችላል፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ለሕይወት ያሰጋል። ጾሙ ካስጨነቀዎት የሚዋጥበትን ሰዓት ሐኪምዎ ያመቻችልዎ።

ጥያቄ፦ ራይድ እነዳለሁ። በጉርምስናዬ ጠዋት ጠዋት እጄ እየደነገጠ ሲኒ ያመልጠኝ ነበር፤ ከዚያ መጣል ጀመረኝ። በቫልፕሮኤት ሦስት ዓመት ሰላም ነኝ። ላቁም? (ከለገሀር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ይለያል። በጠዋት ድንጋጤ የሚጀምረው ዓይነት በመድኃኒት ጸጥ ይላል፣ ሲቆምበት ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሐኪምህ ይቀነስ ካለ መሪውን ልቀቅ። እንግሊዞች በመቀነሻው ጊዜና ከመጨረሻዋ ኪኒን በኋላ ለ6 ወር አትንዱ ይላሉ። ብትቀጥልም የሌሊት ሥራው ይቅርብህ፤ እንቅልፍ ማጣት ይቀሰቅሰዋል።

ጥያቄ፦ ልዳር ሦስት ወር ቀረኝ። ቫልፕሮኤት እወስዳለሁ። (ከፒያሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ በራስሽ አታቁሚው። ግን ቫልፕሮኤት ጽንስ ይጎዳል፤ ሳታረግዢ ሐኪምሽ በሌላ ሊቀይረው ይችላል። እስከዚያ እርግዝና መከላከያ ተጠቀሚ፣ ስለ ፎሊክ አሲድም ጠይቂ። ቀጠሮውን ከቬሎ ኪራዩ አስቀድሚ።