ለኮምቦልቻዋ እህታችን፦ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ እድሳት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የቆየ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሊታደስ ነው፣ አንቺም ኮሚቴው ውስጥ ገብተሻል፣ «ለወጣቱ አዲስ ቦታ ፍጠሩ» ተብላችኋል፣ በጀቱ ግን ትንሽ ነው። ከምን እንጀምር ነው ያልሽው። ከእኔ በፊት የመለሱት ብዙዎቹ «ኮምፒውተር ግዙ፣ ዋይፋይ አስገቡ» ብለዋል። እኔ ደሴ ውስጥ በቤተ መጻሕፍት ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። እንዲህ ያለ እድሳትም ከጨረታው እስከ ርክክቡ ተከታትያለሁ። ኮምፒውተሩን ወደ መጨረሻ አሻግሩት ባይ ነኝ። መጀመሪያ ለወጣቶቹ ክፍል የራሱን በር አውጡለት።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ቤተ መጻሕፍት ከሚገባው የእኛ ወጣት አብዛኛው መጽሐፍ ፍለጋ አይመጣም። ደብተሩን፣ የራሱን መጽሐፍ፣ አሁን አሁን ደግሞ ስልኩ ላይ የጫነውን ፒዲኤፍ ይዞ ነው የሚመጣው። የሚፈልገው ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መብራት፣ ሶኬትና ዝምታ ነው። እቤቱ ይሄ የለም። የ12ኛ ክፍሎቹማ ባሰባቸው። የ2014 ዓ.ም. አገር አቀፍ ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ የልጆቹ ጭንቀት ሌላ ሆኗል። ወንበር ለመያዝ ሳይከፈት በር ላይ ይቆማሉ። እዚያው አዳራሽ ጥግ ላይ ሶፋና ቼዝ ብታስቀምጡ ቦታውን የምትወስዱት ከእነዚህ ልጆች ነው።

ሌላም ወጣት አለ። መከራከር፣ ግጥም ማንበብ፣ ቪዲዮ መቁረጥ፣ ወይም ዝም ብሎ ከጓደኛው ጋር ቁጭ ብሎ መጫወት የሚፈልግ። እሱም መብቱ ነው። ካልሆነ ፑል ቤትና ጫት ቤት አለለት፣ ከፍሎም ይቀመጣል። ሁለቱን በአንድ በር ካስገባችኋቸው ግን ሳምንት ሳይሞላ ይጣላሉ። በመጨረሻ የሚሰማው የሠራተኛዋ «እሽሽ!» ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ የጨዋታው ክፍል በቀጥታ ከግቢው የሚገባበት በር ይኑረው። በመሃል ያለው ግድግዳ ብሎኬት ወይም ጡብ ይሁን፣ በሁለቱም በኩል ይለሰን፣ እስከ ጣሪያው ድረስም ይውጣ። ይቺን አስምሩባት። ክፍል ሲከፈል ግድግዳው ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ጋ ይቆማል፤ ድምፁ በኮርኒሱ ላይ ተሻግሮ ወዲህ ይወርዳል። እኛ በተረከብነው ክፍል፣ በቺፑድ ነበር የተከፈለው፣ ወዲያ ማዶ የሚያስል ሰው ወዲህ ይሰማ ነበር። ተቋራጩን ስንጠይቀው «ፕላኑ ክፍልፋይ ነው የሚለው» ብሎን ሄደ። ፕላኑን ገልጠን ስናየው እውነትም ከምን እንደሚሠራ አይልም። እናንተ ገና ጨረታ ሳይወጣ በሥራ ዝርዝሩ ላይ አስጽፉት።

ኮርኒስም ላይ አትሰስቱ። ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮ ሥር ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ ዝናቡ ሲወርድ ተናጋሪው አፉን ሲያንቀሳቅስ ብቻ ነው የምታዪው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ እኛ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ከነጋቢያችን ነው የምናነበው። እናንተ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፣ ችግራችሁ የከሰዓቱ ሙቀት ነው። ከኮርኒሱ በላይ የሚነጠፍ ፋይበር ግላስ ከተገኘ ሙቀቱንም የዝናቡን ድምፅም ይቀንሳል። ካልተገኘ ቢያንስ መስኮቶቹ ፊት ለፊት ሆነው ነፋስ እንዲያልፍ አድርጉ። መደርደሪያ መስኮት እንዳይጋርድ። የሚገርመው፣ የድሮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጥሩ ጥሩው መስኮት ሁሉ ከመደርደሪያ ጀርባ ነው የሚገኘው፤ ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ መጽሐፉ ፀሐይ ይሞቃል። መጽሐፍ ደግሞ ፀሐይ አይወድም፣ ወረቀቱ ይገረጣል፣ ይሰባበራል። ከውጭ ግድግዳም ትንሽ ይራቅ፣ ክረምት ላይ እርጥበት ይስባል።

ቤቱ ፎቅ ካለው አንድ ነገር ልጨምር። «መጽሐፉን ፎቅ እናውጣውና ምድሩን ለወጣቱ እንልቀቅ» የሚል ሰው አይጠፋም። መሐንዲስ ሳያይ እንዳታደርጉት። በመጽሐፍ የተሞላ አንድ ሜትር መደርደሪያ ብቻውን 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። የሕንፃ ደረጃው ለንባብ ክፍል ወለል በካሬ ሜትር 300 ኪሎ ገደማ ነው የሚያስበው፤ ለመጽሐፍ ማከማቻ ግን ወደ 750 ኪሎ ይጠጋል። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው። ሰዎቹ ፎቅ ይውጡ፣ መጽሐፉ ምድር ይቅር። ያኔ ደግሞ የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ ምድር ላይ መቀመጫ እንዲያገኝ አስቡ። የሕንፃ አዋጁም ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ ያስገድዳል። ራምፑ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራው ተዳፋት መግቢያ) ለእያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት ይፈልጋል። ከዚያ ካጠረ ለፎቶ ካልሆነ አይጠቅምም።

ቦታ የምታገኙት ከየት ነው? ከመደርደሪያው። በ2014ቱ ጦርነት ሁለቱም ከተማ ላይ ስንት ተቋም እንደተዘረፈ አንቺም ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ልገሳ መጣ። እግዜር ይስጣቸው፣ ግን በካርቶን ከመጣው ውስጥ እኛ ጋ ማንም ያልገለጠው የውጭ አገር የታክስ ሕግና ጊዜው ያለፈበት የኮምፒውተር መማሪያ ነበረበት። እንዲህ ያለውን ለይታችሁ አውጡ። ብቻ የመንግሥት ንብረት ነውና በዘፈቀደ አይጣልም፤ ዝርዝር ተሠርቶ፣ የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ አይቶት፣ ጸድቆ ነው። ይሄ ወረቀት ከግንባታው በላይ ይጎተታል፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ጀምሩት። የድሮ የአዲስ ዘመን ጥራዝና ስለ ወሎ የተጻፈ ነገር ካገኛችሁ ግን ቢቀዳደድም እንዳትነኩት።

አሁን ኮምፒውተር። አንድ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 150 ዋት ገደማ ይወስዳል እንበል። 20 ስታስቀምጡ 3 ኪሎ ዋት ነው። የድሮ ቤት መስመር የተዘረጋው ለአምፖል ነው፤ ሁሉም ሲበራ ብሬከሩ ይወርዳል፣ የንባብ ክፍሉም አብሮ ይጨልማል። ጥቂት ላፕቶፕ ይሻላል፣ መብራት ሲጠፋም ለተወሰነ ሰዓት ይሠራል። ለኮምፒውተሩ መስመር ለብቻ፣ ለንባቡ መብራት ለብቻ ይዘርጋ። የተረፈውን ገንዘብ ጠረጴዛው ሥር ሶኬት አብዙበት።

በነገራችን ላይ አንዱ አስተያየት ሰጪ «እንደ አብርሆት ይሁን» ብሏል። የአዲስ አበባው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከመሠረቱ አዲስ ተሠርቶ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተ፣ 1.4 ሚሊዮን መጽሐፍ ይይዛል የተባለለት ሕንፃ ነው። የእናንተ የቀበሌ ቤት ነው። ከውጭ ሐሳብ መዋስ ካስፈለገ የፊንላንዷ ሄልሲንኪ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ኦዲ፣ ይሻለኛል። በእኛ አቆጣጠር በ2011 የተከፈተ ነው። መጽሐፉና ንባቡ ላይኛው ፎቅ ላይ፣ ስቱዲዮውና የስፌት መኪናው ደግሞ መካከለኛው ፎቅ ላይ ነው። እንደነሱ ፎቅ ገንቡ አልልም፣ ግን የስፌት መኪና ሐሳቧን ያዟት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለበት ከተማ ውስጥ ሁለት ሲንጀር ከአሥር ኮምፒውተር በላይ ሰው ሊስብ ይችላል።

የሰዓቱን ነገር ግን ከግንባታው እኩል ያዙት። ተማሪ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እናንተ ጋ ሲደርስ 10 ሰዓት ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ 11:30 ላይ ይዘጋል። ታዲያ ለማን ነው የታደሰው? ለማታና ለቅዳሜ ፈረቃ ሰው ይመደብ፣ ክፍያውም በጀት ውስጥ ይግባ። በበጎ ፈቃድ እንሸፍናለን ከተባለ ፈተና ሲደርስ ፈቃደኛው ራሱ ተፈታኝ ነው። ረመዳን ላይ ሰዓቱ ይሸጋሸጋል፣ እሱንም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሴቶቹ እንዲያመሹ ከተፈለገ ደግሞ መጸዳጃ ቤታቸው የተለየ፣ ከውስጥ የሚቆለፍና ውኃ ያለው ይሁን፤ ከበሩ እስከ ባጃጅ መያዣው ያለው መንገድም መብራት ይኑረው። ወላጅ ልጁን የሚከለክለው በዚህ ነው፣ ንባብ ጠልቶ አይደለም።

ቁልፉን ማን እንደሚይዝ በስም ተጽፎ ይፈረም። ንብረት ክፍል ብቻ ከያዘው ቅዳሜ በሩ አይከፈትም።

አብሽሪ፣ ትንሽ በጀት መሆኑ አያስፈራሽ፤ በርና ግድግዳ ከኮምፒውተር ይረክሳል። የክፍሎቹን ስፋት፣ መስኮቶቹ ወደየት እንደሚያዩና ቆጣሪው ስንት አምፔር እንደሆነ እዚሁ ለጥፊልን። የግንባታ ሰዎችም እዚህ አሉ፣ አብረን እናየዋለን።