ሌንሱ ከተገጠመ በኋላ ፎከሱ እምቢ ሲል

ጥያቄህን አየሁት ወንድሜ። አሸዋ ገብቶበት ነክሶ የቀረውን ኮምፓክት ካሜራ ፈታህ፣ ጠረግህ፣ ገጠምህ። ሌንሱ አሁን ይወጣል፣ ይገባል። ግን ቅርቡን እያጠራ ሩቁን ብዥ ያደርግብሃል። «ሞተሩ ሄዶ ይሆን?» ነው ያልከው።

አይመስለኝም። እንደገና ከመፍታትህ በፊት ግን ፎቶ አንሳበት። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ለዚህ ሥራ በረንዳዬን የሚያህል የለም። መጀመሪያ ጋዜጣ ከክንድ ባነሰ ርቀት፣ ቀጥሎ ሁለት ሜትር ላይ የተሰጣ ልብስ፣ መጨረሻ የረር ተራራ። ጋዜጣውም ልብሱም ከጠሩ ሞተሩ እየሠራ ነው። አንድ ርቀት ላይ ብቻ ከጠራ ግን ውስጥ ያለችው ትንሿ የፎከስ ሌንስ እዚያው ቆማለች፤ ያኔ የሚያንቀሳቅሳትን ሞተርና ሪባኑን፣ ማለትም ሞተሩን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ገመድ፣ ጠርጥር። ሪባን ሌንሱ በወጣና በገባ ቁጥር ስለሚታጠፍ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል።

በቀን ብርሃን ሞክር፤ ነጭ ግድግዳ ላይ አትልፋ። እነዚህ ካሜራዎች ባብዛኛው ርቀት አይለኩም። ትንሿን የፎከስ ሌንስ ወዲያ ወዲህ እያስኬዱ የምስሉ ጠርዝ በደንብ የጎላበት ቦታ ላይ ያቆሟታል። ጠርዝ የሌለው ነገር ላይ ምን ይያዙ?

የእኔ ጣጣም እንዳንተው ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሞተሩን ስነካካ ዋልኩ። የልብስ መቆንጠጫው ሞላ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የረር ግን ጉም የለበሰ ይመስላል። ሰማዩ እኮ ጥርት ያለ ነው! በተለይ የምስሉ ግራ ጎን ይብስ ነበር፤ ያኔውኑ መንቃት ነበረብኝ። በመጨረሻ ሴንሰሩን፣ ከሌንሱ ኋላ ሆኖ ምስሉን የሚቀበለውን ቺፕ፣ ሳነሳው ጥጉ ሥር የፕላስተር ቁራጭ ተለጥፋ አገኘሁ። ብሎን እንዳይጠፋብኝ ብዬ ራሴ የለጠፍኳት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅርቡን ለማጥራት ሌንሷ ከሴንሰሩ ትርቃለች፣ ለሩቁ ትጠጋለች። ሴንሰሩ በትንሹ እንኳ ወደ ኋላ ከተቀመጠ ሌንሷ እስከ ጥግ ብትጠጋም ሩቁ ላይ አትደርስም። አንድ ጎኑ ብቻ ከተነሳ ደግሞ ምስሉ ባንድ በኩል ይደበዝዛል። ስለዚህ የሴንሰሩን ሥር ጥረግ፣ ብሎኖቹን እይ። ከብሎኖቹ ሥር ትንንሽ ሞላ ካለ ግን ዝም ብለህ አታጥብቅ፤ ማስተካከያ ናቸው። ሩብ ዙር እያዞርክ፣ በየመሃሉ ፎቶ እያነሳህ ሂድ። አሰልቺ ነው፣ ምን ይደረግ።

የፍላሹን ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ዕቃ፣ አደራ! ባትሪው ከወጣ በኋላም 300 ቮልት አካባቢ ይዞ ይቆያል። እኔን አንዴ ወረንጦውን አስጥሎኛል።

ሦስቱን ፎቶ እዚህ ለጥፍልን። ዙም አድርገህም አንድ ጨምር፤ ዙም ላይ ብቻ ከደበዘዘ የሌንሱ ቀለበት ፒን ከመንገዱ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።