«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የየትኛው አመፅ ታሪክ ነው?

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ገበሬ አመፅ የተሠራ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የሚባል የቆየ ፊልም መኖሩን ሰምቼ ለተማሪዎቼ ላሳያቸው አስቤያለሁ። የሚተርከው የትግራዩን ቀዳማይ ወያኔ ነው፣ ጎጃምን ነው ወይስ የእኛኑ የወሎን ገበሬ? (ከወልድያ)

መልስ፦ ውድ መምህር፣ የኃይሌ ገሪማ ሥራ የሆነው ይህ ፊልም በስም የሚታወቅ አንድም አመፅ አይተርክም። ዘውዳዊው ሥርዓት በወደቀበት ሰሞን በጥቁርና ነጭ ተቀርጾ በ1968 ዓ.ም. ለእይታ የበቃ ሲሆን፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ከዚህም አብዛኛውን የያዘው የእርሻ ሥራ ነው፤ ጭሰኛው ከነቤተሰቡ ሲለፋ፣ ባለመሬቱ ደግሞ ከፍ ካለ ቦታ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሲጮኽበት ደጋግመን እናያለን። ይህ መንዛዛት የሚመስላቸው ተመልካቾች አሉ፤ እኔ ግን የፊልሙ ብርታት እዚሁ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም የጭሰኛው ልጅ የጌታውን ከብት ከውኃ ሙላት ለማዳን ስትል ስትሞት፣ የከብቱ ዋጋ ከእርሷ ሕይወት እንዴት ሊበልጥ እንደቻለ አስቀድመን አይተነዋል። በመጨረሻም መሬቱን የተነጠቀውና እንደ እብድ የሚታየው ሰው ባለመሬቱን በዱላ ይገድለዋል። በፊልሙ ውስጥ ያለው አመፅ ይኸው ነው።

ስለዚህ ከጎጃሙ ጋር ባያዛምዱት እመክራለሁ። በ1960 ዓ.ም. የተነሣው የጎጃም ገበሬ በአብዛኛው ጭሰኛ ሳይሆን የራሱ መሬት ያለው ባለርስት ነበር፤ ያስቆጣውም አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ርስቴን ያሳጣኛል የሚል ሥጋት ነው። የ1935ቱ ቀዳማይ ወያኔም የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ጭምር የተሳተፉበት፣ ከመንግሥት ጋር የተደረገ ጦርነት ነበር።

ለወሎ ይቀርባል ቢሉኝ ግን በከፊል አዎን እላለሁ። በወሎ ርስተኛውም ጭሰኛውም ነበሩ፤ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኃብ በሬውን ሸጦ፣ ቤቱን ዘግቶ ወደ ደሴ መንገድ የወጣውን ጭሰኛ ታሪክ የሚያውቅ ተማሪ፣ ምርቱን ለባለመሬት የሚያካፍል ገበሬ ዝናብ ሲጠፋ ምን ሊተርፈው እንደሚችል ለመረዳት ይህ ፊልም በእጅጉ ይረዳዋል።

ጊዜ ካጠረዎት የእርሻውን ክፍል ቆርጠው ግድያውን ብቻ አያሳዩ፤ ቢቻል በሁለት ክፍለ ጊዜ ከፍለው ሙሉውን ያሳዩና የባለመሬትና የጭሰኛን ሥርዓት ያስቀረውን የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከዚያ በኋላ ያስተምሩ። ቅጂ ሲፈልጉም እ.ኤ.አ. በ2006 ጣሊያን ቦሎኛ ውስጥ የታደሰውን ይጠይቁ።