ግቢያቸውን ለአረጋውያን መኖሪያ የሰጡ እናት፦ ዕድሩ ከግንባታው በፊት ምን ማድረግ አለበት?

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ከተማ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ የሚገኝ የአንድ ዕድር ጸሐፊ ነኝ። በሰፈራችን ሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ እየበዛ የቤት ኪራይ ስለናረ፣ በሰርቪስ ክፍሎች ተከራይተው ይኖሩ የነበሩ አረጋውያን አባሎቻችን ወደ ከተማው ዳር እየተገፉ ነው። ባለቤታቸው በሞት የተለዩና ልጅ የሌላቸው አንዲት እናት 400 ካሬ ሜትር ነባር (በሊዝ ያልተያዘ) ይዞታቸውን ለአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ለዕድሩ በጽሑፍ ሰጥተውናል፤ ሦስት አባላትም በምስክርነት ፈርመዋል። በዕድሩ ገንዘብ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ክፍሎች ሠርተን አረጋውያኑን ማስገባት እንችላለን? ወደፊት እንዳይሸጥስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሐሳባችሁ በሕግ የሚፈቀድ ብቻ ሳይሆን ሊደገፍ የሚገባው ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። ይሁን እንጂ አሁን በእጃችሁ ያለው ወረቀት ግቢውን ወደ ዕድሩ አያስተላልፍም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2443 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ የሚጸናው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በሚሠራበት ሥርዓት ሲደረግ ነው። ይህም በቁጥር 881 እንደተደነገገው ጽሑፉ በሰጪዋና በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡን፣ ይህ ሥርዓት መፈጸሙንና ቀኑን በጽሑፉ ላይ ማስፈርን፣ ወዲያውኑም ሁሉም መፈረማቸውን ይጠይቃል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ግን በቁጥር 882 መሠረት ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ፤ እኔ የምመክረውም ይህኛውን መንገድ ነው፣ በኋላ ለመካድ አይመችምና። ከዚያም የባለቤትነት ዝውውሩ በመዝገብ ካልሰፈረ ስጦታው አልተጠናቀቀም።

ከሰነዱ አሠራር በፊት ግን ሌላ ጥያቄ ይቀድማል፤ በጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝም እርሱ ነው። ግቢው በሙሉ የእኒህ እናት ነው ወይ? በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ንብረት የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ በሕጋችን ደግሞ ባልና ሚስት ኑዛዜ ከሌለ በስተቀር አይወራረሱም። ስለዚህ ሟቹ ያለኑዛዜና ያለልጅ ከሞቱ፣ የእርሳቸው ድርሻ የሚሄደው ወደ ወላጆቻቸው፣ ወላጆቻቸውም ከሌሉ ወደ ወንድሞቻቸው፣ እኅቶቻቸው ወይም የእነዚህ ልጆች ነው። ሚስቲቱ ለብዙ ዓመታት ብቻቸውን ስለኖሩበት ግማሹ ሳይከፋፈል እንደቀረ ሰው ሁሉ ይረሳዋል፤ የቦታው ዋጋ ሲጨምር ግን የሟች ወገኖች ብቅ ማለታቸው በፍርድ ቤቶቻችን በየጊዜው የምናየው ነገር ነው። በርግጥ የይርጋ መቃወሚያ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ አልፏል የሚል ክርክር፣ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን የሰባ ዓመት አዛውንት የሚያድሩበት ቤት ውጤቱ ባልታወቀ የይርጋ ክርክር ላይ መሠራት የለበትም። ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ቤቱ ከጋብቻ በፊት ወይም በኋላ መሠራቱንና የወራሽነት ማስረጃ መውጣት አለመውጣቱን አጣርታችሁ፣ ወራሾች ካሉ ድርሻቸውን በጽሑፍ እንዲለቁ ወይም እንዲሸጡላችሁ አድርጉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ተቀባዩ ማን ይሁን የሚለው ነው። ዕድር ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ውጭ የሆነ ባህላዊ ተቋም ስለሆነ፣ በዚህ አዋጅ በመታወቅ የሚገኘው ሕጋዊ ሰውነት የለውም። በዕድሩ ዳኛ (ሰብሳቢ) ስም ይመዝገብ የሚሉ እንዳሉ እገምታለሁ፤ ይህን ፈጽሞ አታድርጉ፣ ዳኛው ሲሞቱ ግቢው የወራሾቻቸው ነው ተብሎ ክርክር ይነሣልና። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ድርጅት የሚመዘገበው በክልሉ ስለሆነ፣ በሲዳማ ክልል ለዚሁ በተሰየመው አካል ዘንድ የተለየ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁሙ። አደረጃጀቱን ስትመርጡ የወደፊቱን ፈተና አስቡ፤ እኔ ከባለሀብቱም ከአስተዳደሩም ይበልጥ የምሰጋው ከዓመታት በኋላ የሚሰበሰበውን የራሳችሁን ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ተራ ማኅበር በድምፅ ብልጫ ንብረቱን ሊሸጥ ይችላል፤ በኢንዶውመንት አደረጃጀት ግን ንብረቱ በማይሻርና በዘላቂነት ለበጎ አድራጎት ዓላማ ብቻ ይመደባል። ይህ ክልሉ በሥራ ላይ ባዋለው ሕግ ከተፈቀደ ያለማመንታት ምረጡት። በስጦታ ሰነዱም ላይ ቦታው ለአረጋውያን መኖሪያ ብቻ እንደሚውልና ሰጪዋ እናት ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚያው የመኖር መብት እንዳላቸው በግልጽ ይጻፍ።

የሊዙን ጉዳይ ቀድማችሁ ብታስሉት ይጠቅማችኋል። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 አንቀጽ 6(3) ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በማንኛውም መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥሪት፣ ማለትም መሬት በውልና በክፍያ ለተወሰነ ዘመን ወደሚያዝበት ሥርዓት፣ ይገባል፤ ስጦታ ውርስ ስላልሆነ ድርጅቱ የሊዝ ውል ይፈርማል፣ ለበጎ አድራጎት ድርጅት የተወሰነው ዘመንም 99 ዓመት ነው። ክፍያውን ለማስቀረት ስጦታውን ትታችሁ በኑዛዜ እንዲደረግ ልትፈልጉ ትችላላችሁ። ኑዛዜ ግን ተናዛዧ በማንኛውም ቀን ሊሽሩት የሚችሉት ስለሆነ የዕድርተኛውን ገንዘብ በእርሱ ተማምኖ ማፍሰስ አይመከርም። በእኔ እምነት የሊዝ ክፍያው የእርግጠኝነት ዋጋ ነውና መክፈሉ ይሻላል። የበጎ አድራጎት ድርጅት ለሚያስተዳድረው የማኅበራዊ አገልግሎት ተቋም መሬት በምደባ እንዲሰጥ አንቀጽ 12 ስለሚፈቅድ፣ የተመዘገበው ድርጅት ለተጨማሪ ቦታ ለከተማ አስተዳደሩ ማመልከት ይችላል።

ስለ ግንባታው የምለው ጥቂት ነው። በሥራ ላይ ባለው የሕንፃ አዋጅ መሠረት በመጀመሪያ የፕላን ስምምነት፣ ማለትም በቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል የሚገልጽ ማረጋገጫ፣ ጠይቁ፤ የከተማው ፕላን በዚያ መንገድ ላይ የንግድ አገልግሎት ወይም ሕንፃው ቢያንስ ሊኖረው የሚገባውን የፎቅ ብዛት ወስኖ ከሆነ አንድ ወለል ክፍሎች አይፈቀዱላችሁም። ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ መግቢያ እንዲኖረው አዋጁ ግዴታ ስለሚያደርግ፣ ለአረጋውያን የሚሠራ ቤት ከዲዛይኑ ጀምሮ ይህን ማሟላት አለበት።

የሚገቡት አረጋውያን መብት በቃል ብቻ እንዳይቀር እለምናችኋለሁ። አነስተኛም ቢሆን በየወሩ የሚከፍሉ ከሆነ ግንኙነቱ ኪራይ ነው፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ላይ ተፈጻሚ ስለሚሆን፣ ክልሉ ሐዋሳን አካቶ ከሆነ ውሉ በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ጧሪ ለሌላቸው ግን ሁለት ዓመት ምን ዋስትና ነው? ለእነዚህ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1353 እና ተከታዮቹ የታወቀውን በቤት የመኖር መብት ለዕድሜ ልክ ብትሰጧቸውና ሰነዱን ብታስመዘግቡት፣ ግቢው ወደ ሌላ እጅ ቢያልፍ እንኳ መብታቸውን ይዘው ይከራከራሉ።

አካባቢው ለመልሶ ማልማት ቢከለልስ? በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 አንቀጽ 7 ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት በራሱ ወይም ከሌሎች ጋር በመሆን የማልማት የቅድሚያ መብት አለው፤ የሚነሣም ከሆነ ሕገ መንግሥቱ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል። በዚህ መብት የሚጠቀመው ግን በመዝገብ የሰፈረ ባለይዞታ ስለሆነ፣ የካርታውና የወራሽነቱ ማጣራት ተጠናቆ ዝውውሩ በድርጅቱ ስም እስኪመዘገብ ድረስ ከዕድሩ ገንዘብ ለግንባታ ምንም ወጪ አታድርጉ።