ቀለሙ ተቀየረ፣ አረፋ ወጣ፤ ታዲያ ምን ተለወጠ?

ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ በቤተ ሙከራ ያየነው ለውጥ አካላዊ ነው ወይስ ኬሚካዊ? የቀለም መቀየር፣ አረፋ፣ ሙቀት እያሉ የምልክት ዝርዝር በቃል መያዝ ብዙ ተማሪ ያሳስታል። ምልክቱ ጠርጥሩ ይላል፤ የሚፈርደው ግን አዲስ ቁስ መፈጠሩን የሚያሳይ ሁለተኛ ምርመራ ነው።

ሰማያዊውን ኮፐር ሰልፌት ስናሞቀው ነጣ፤ ውሃ ስንጨምርበት ተመልሶ ሰማያዊ ሆነ። «ከተመለሰማ አካላዊ ነው» የሚሉ ጓደኞቼ ልክ ናቸው? (የ9ኛ ክፍል ተማሪ)

ልክ አይደሉም። ብዙ ኬሚካዊ ለውጦችም ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ሰማያዊው ክሪስታል ለአንድ ኮፐር ሰልፌት አምስት የውሃ ሞለኪውል አስሮ ይዟል። ሙቀቱ ውሃውን ሲያስለቅቀው የሚቀረው ነጭ ዱቄት ሌላ ቀመር ያለው ቁስ ነው። በሚዛን አረጋግጪው፦ 2.50 ግራም ክሪስታል ጨርሶ ሲደርቅ 1.60 ግራም ይመዝናል፤ የጎደለው 0.90 ግራም ውሃው ነው። ነጩ ዱቄት ላይ ውሃ ጠብ ሲደረግ ቱቦው በእጅ እስኪታወቅ ድረስ ይሞቃል።

ሙከራውን በብዛት የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የቱቦው አያያዝ ነው። አፉን ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ካላደረጋችሁት፣ አፉ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ወደ ጋለው መስታወት ተመልሶ ይወርድና ይሰነጥቀዋል። ሁለተኛው እሳት ማብዛት ነው። ዱቄቱ ከነጭ አልፎ ከጠቆረ ኮፐር ሰልፌቱ ራሱ ፈርሶ ጥቁር ኮፐር ኦክሳይድ ሆኗል፤ የሚወጣው ጋዝም ጉሮሮ ይከረክራል። ያ ዱቄት ውሃ ቢጨመርበትም ሰማያዊ አይሆንም።

የብረት ብናኝና ድኝ አሙቀን ብረት ሰልፋይድ ሠራን። መጽሐፉ ማግኔት አይስበውም ይላል፤ የእኛን ግን ሳበው። ምን አጠፋን? (የኬሚስትሪ መምህር)

ምናልባት ከድኙ ጋር ያልተዋሐደ ብረት ተርፎ ይሆናል። ትክክለኛው መጠን በክብደት 7 እጅ ብረት ለ4 እጅ ድኝ ነው፤ ይህም የአተሞቻቸው ክብደት ሬሾ፣ የብረት 56 ለድኝ 32 ማለት ነው። በማንኪያ እየሰፈሩ ማደባለቅ ይህን ሬሾ ያዛባል፤ መመዘን ያስፈልጋል። በትክክል ተመዝኖም ብረት የሚተርፍበት ምክንያት አለ። ድኝ ቶሎ ይተናል፤ የቱቦው አፍ ክፍት ከሆነ ተኑ ያመልጣል፣ እሳት ካገኘም በሰማያዊ ነበልባል ነዶ መርዛማ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ስለዚህ አፉን በመስታወት ሱፍ ላላ አድርገው ይወትፉት። ብናኙ ሻካራ ከሆነም ውጪው ብቻ ይለወጥና የየፍሬው ውስጥ ብረት እንደሆነ ይቀራል። ደቃቅ ብናኝ ይምረጡ፣ ከድኙ ጋርም በደንብ ያዋሕዱት።

አንድ ቱቦ ውስጥ 2 ግራም ድብልቅ ይበቃል። ከሥሩ አሙቁት፤ ቀይ ፍም ሲታይ ወዲያው እሳቱን አርቁ። ፍሙ ያለ እሳት ራሱ ወደ ላይ ሲጓዝ ተማሪዎቹ ይመልከቱ፤ አጸግብሮቱ (ኬሚካዊ ለውጡ) ራሱ ሙቀት እንደሚያመነጭ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም።

ከማግኔቱ የሚበልጠው ምርመራ አሲድ ነው። ካልሞቀው ድብልቅ ላይ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ቢደረግ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ድኙ እንዳለ ይቀራል። ከምርቱ ላይ ግን የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ መርዝ ነው፤ ሲበዛ ደግሞ የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ ሽታው ጠፋ ብሎ መዘናጋት አደገኛ ነው። የስንዴ ፍሬ በምታክል ቁራጭ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ፣ ጭስ ማውጫ ባለበት ቦታ ብቻ። በአፍንጫ ከማሽተት ይልቅ በሊድ አሲቴት የራሰ ወረቀት ቱቦው አፍ ላይ ያዙ፤ ይጠቁራል።

አሞኒየም ክሎራይድ እንደ አዮዲን ከጠጣር በቀጥታ ይተናል ተብለናል። ሁለቱም አካላዊ ለውጥ ናቸው? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

አዮዲን አዎ፤ ሐምራዊው ተንም ጥቁሩ ክሪስታልም ያው የአዮዲን ሞለኪውል ነው። አሞኒየም ክሎራይድ ግን ሲሞቅ ለአሞኒያና ለሃይድሮጅን ክሎራይድ ይከፈላል፤ ቱቦው ቀዝቀዝ ያለበት ላይ ሁለቱ ጋዞች ተገናኝተው ነጭ ቀለበት ይሠራሉ። ከዱቄቱ በላይ ቱቦውን በመስታወት ሱፍ ከፍላችሁ፣ ከሱፉ በላይ የራሰ ቀይ ሊትመስ (በአሲድ ቀይ፣ በቤዝ ሰማያዊ የሚሆን መመርመሪያ ወረቀት)፣ ከሱፉ በታች የራሰ ሰማያዊ ሊትመስ አድርጉ። አሞኒያ ከሃይድሮጅን ክሎራይድ ቀላል ስለሆነ (የሞለኪውል ክብደታቸው 17 ለ36.5) ሱፉን ቀድሞ ያልፍና ቀዩን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ የታችኛው ሰማያዊ ደግሞ ወደ ኋላ በቀረው ሃይድሮጅን ክሎራይድ ቀይ ይሆናል።

ሶዳና ኮምጣጤ አፉ በፊኛ በታሰረ ጠርሙስ ውስጥ ስናዋሕድ ሚዛኑ ቀነሰ። ጋዙ ካላመለጠ ክብደቱ የት ሄደ? (ወላጅ)

አልጠፋም። የተነፋው ፊኛ አየር ገፍቶ ቦታ ስለያዘ አየሩ ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ሚዛኑም ያንን ያህል አሳንሶ ያነባል። ፊኛው አንድ ሊትር ያህል ከተነፋ ልዩነቱ ወደ 1 ግራም ይጠጋል። የቁስ አለመጥፋትን ለልጅ ለማሳየት ጋዝ የማያወጣ ሙከራ ይሻላል፦ የኮፐር ሰልፌትና የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙቶችን በተከደነ ዕቃ ውስጥ ማዋሐድ። ሰማያዊ ዝቃጭ ይፈጠራል፣ ሚዛኑ ግን አይነቃነቅም። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ዓይን ስለሚያቃጥል መነጽር ግድ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የተጣራ ውሃ በ92 ዲግሪ ፈላ። አረፋውም ቀድሞ ነው የጀመረው። ውሃው ሌላ ነገር ሆኖ ነው?

አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ 92 ገደማ ትክክለኛ ንባብ ነው። ቀድመው የሚታዩት ጥቃቅን አረፋዎች ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ናቸው። የሚፈላውን እንፋሎት በቀዝቃዛ መስታወት ላይ ብታሳርፉት ያው ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል።

ነጭ ዚንክ ኦክሳይድ ሲግል ቢጫ ሆነ። ይህስ ኬሚካዊ ነው?

አካላዊ ነው። ሲቀዘቅዝ ይነጣል፣ ክብደቱም አይለወጥም። ከቀዘቀዘ በኋላም ቢጫነቱ ካለቀቀው ዱቄቱ ንጹሕ ላይሆን ስለሚችል ከሌላ ጠርሙስ ወስዳችሁ ድገሙት።