ቫይረሱን ማን አስገባው? የቅዳሜ ማታ ጥያቄና መልስ

ጠጋኙ፦ እንደምን አመሻችሁ። ለአዲሶች፣ መገናኛ አካባቢ ኮምፒውተር ስጠግን 16 ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ የምንነጋገረው የቤት ኮምፒውተርን ከቫይረስና ከሚያሰለች ማስታወቂያ ስለመጠበቅ ነው። ስልክ አልነካም። የሰው ዋይፋይ አልሰብርም። የጠፋ ፌስቡክ አላስመልስም። ስትጠይቁ የትኛው ዊንዶውስ እንደሆነና ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚል ጻፉ። "ኮምፒውተሬ አስቸገረኝ" ጥያቄ አይደለም።

ተማሪ ከጅማ፦ ጋሼ፣ እኔ ልጀምር፤ በጣም ጨንቆኛል። የመመረቂያ ጽሑፌ ፍላሽ ላይ ነው ያለው። ዛሬ ፎቶኮፒ ቤት ፕሪንት አስደርጌ መጣሁ። ቤት ስሰካው ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። አንዱን ስጫነው ተከፈተ፣ ሁለተኛው እምቢ አለ። ጠፋ ማለት ነው? አማካሪዬ ሰኞ ይጠብቁኛል። ዊንዶውስ 10 ነው።

ጠጋኙ፦ አልጠፋም። አይዞሽ። መጀመሪያ ግን እጅሽን ከማውሱ ላይ አንሺ። ሾርትከቱን ደግመሽ እንዳትነኪው። እሱ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሳል፣ ቀጥሎ ፎልደርሽን ይከፍትልሻል። ስለተከፈተልሽ "ደህና ነው" ብለሽ ትቀጥያለሽ። ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው። ድሮ ፍላሽ መሰካት ብቻውን ይበቃ ነበር። ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ አይነሳም። ስለዚህ ቫይረሱ የአንቺን ጣት ይፈልጋል።

አሁን ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ፣ ከዚያ ፕሮፐርቲስ በዪ። ስንት ተይዟል ይላል?

ተማሪ ከጅማ፦ 5.2 ጊጋ።

ጠጋኙ፦ ሾርትከቶቹን ብትደምሪያቸው 20 ኪሎባይት እንኳን አይሞሉም። 5 ጊጋው ታዲያ የት ሄደ? እዚያው ነው፤ ተደብቋል። አንቺ ግን ሾርትከቱን ስለተጫንሽ ቫይረሱ ላፕቶፑም ላይ ገብቷል ብለን እንነሳ። ፍላሹን ንቀዪው። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ክፈቺ፣ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን፣ ስካን ኦፕሽንስ፣ ከታች ኦፍላይን ስካን የሚለውን ምረጪ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሳይጀምር ይፈትሻል። 15 ደቂቃ ገደማ ነው። ቻርጀሩን ሰክተሽ አድርጊው፤ የመብራቱን ነገር ታውቂዋለሽ።

ሲጨርስ ፍላሹን መልሺ። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቪው ውስጥ ገብተሽ ሂድን አይተምስን ምልክት አድርጊ። እሱ ብቻውን አይበቃም፤ እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ ተስፋ የሚቆርጠው። ኦፕሽንስ ገብተሽ፣ ቪው ታብ ላይ፣ ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ የሚለውን ምልክት አንሺ። ዊንዶውስ ያስፈራራሻል፤ የስ በዪው። ፎልደሮችሽ ደብዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ። ካልታዩ ስም የሌለው ፎልደር ፈልጊ። አንዳንዱ ቫይረስ ሁሉንም ነገር ስሙ ባዶ የሆነ ፎልደር ውስጥ ነው የሚከተው። ሰነዶችሽን ብቻ ወደ ላፕቶፑ ኮፒ አድርጊ። የማታውቂውን ፋይል ተይው። ከዚያ ፍላሹን ፎርማት።

ለወደፊቱ፣ ለፕሪንት ብቻ የሚሆን አንድ ርካሽ ፍላሽ ያዢ። ውስጡ ከሚታተመው ፒዲኤፍ በቀር ምንም አይኑር። ፎቶኮፒ ቤት ያለው ኮምፒውተር በቀን የስንት ሰው ፍላሽ እንደሚሰካበት አስቢ። እና ኮፒ የሌለው ፋይል እንደሌለ ቁጠሪው።

የፎቶኮፒ ቤት ባለቤት፦ ሁልጊዜ እኛ ላይ! ቫይረሱን የምታመጡት እናንተ ናችሁ። እኔ አንቲቫይረስ ገዝቼ ጭኛለሁ።

ጠጋኙ፦ ደንበኛው ፋይሉን በቴሌግራም እንዲልክልህ አድርግ። ፍላሽ አትቀበል።

የፎቶኮፒ ቤት ባለቤት፦ ወንድሜ፣ ደንበኛዬ ግማሹ ዳታ የለውም። ፓኬጁን አንተ ትሞላለታለህ?

ጠጋኙ፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ። ቀጣይ።

አካውንታንቷ፦ ስክሪኔ ጥግ ላይ በየአምስት ደቂቃው "ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረሶች ተጠቅቷል" የሚል ብቅ ይላል። አንቲቫይረሱ ግን ምንም አላገኘም። ክሮም ነው የምጠቀመው።

ጠጋኙ፦ አንቲቫይረሱ ልክ ነው። ቫይረስ የለሽም፤ የፈቀድሽው ማስታወቂያ ነው ያለሽ። የሆነ ቀን የሆነ ድረ ገጽ "ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ" ብሎሽ ተጭነሻል። የፈቀድሽለት ኖቲፊኬሽን መላክ ነው። ክሮም ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ ግቢ። የተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ የማታውቂውን ሁሉ አጥፊ። ከዚያ እዚያው ላይ ጥያቄውም ጭራሽ እንዳይመጣ ዝጊው።

ከዚህ የከፋ አዲስ መጥቷል፣ ሁላችሁም ስሙ። ያው "ሮቦት አይደለሁም" የሚል ገጽ ነው። ግን "የዊንዶውስን ቁልፍና አርን አንድ ላይ ተጫን፣ ከዚያ ኮንትሮልና ቪ፣ ከዚያ ኢንተር" ይላችኋል። ገጹ ሳታውቁት ትእዛዝ ኮፒ አድርጎ አስቀምጧል። እናንተው በእጃችሁ ለጥፋችሁ ታስነሱታላችሁ። በትክክለኛ መንገድ ሮቦት አለመሆናችሁን የሚያጣራ ገጽ ይህን አይጠይቅም። መቼም።

ሾፌሩ፦ ምርጡ አንቲቫይረስ የቱ ነው?

ጠጋኙ፦ ዊንዶውሱ ላይ ያለው ዲፌንደር ይበቃል። አፕዴት ይሁን። ሁለት አትጫን፤ እርስ በርስ ይጣላሉ።

የመርካቶ ልጅ፦ ኦፊስ አክቲቬት የሚያደርግ ከአንድ የቴሌግራም ቻናል አወረድኩ። ዲፌንደር ቫይረስ ነው ብሎ ያዘብኝ። ቻናሉ "የውሸት ማስጠንቀቂያ ነው፣ አንቲቫይረሳችሁን አጥፉና ጫኑ" ይላል። ላጥፋው?

ጠጋኙ፦ ይህችን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ወንበር ሳቡ።

የማታውቀው ሰው በርህን አንኳኩቶ "ከመግባቴ በፊት ውሻውን እሰርልኝ" ቢልህ ታስራለህ? አንቲቫይረስህን አጥፋ የሚልህ ፋይል ይኸው ነው። ክራክ፣ ማለትም የሚከፈልበትን ሶፍትዌር ሳይከፈል የሚያስከፍት ፕሮግራም፣ ሁሉ ቫይረስ አለው አላልኩም። ግን የትኛው እንዳለው አንተም አታውቅም፣ ቻናሉን የከፈተውም ላያውቅ ይችላል። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ዘበኛውን ራስህ አሰናብተሃል።

እኔ ጋ የሚመጡትን ማሽኖች መጀመሪያ የማየው ዲፌንደር ውስጥ ኤክስክሉዥንስ የሚለውን ቦታ ነው። "እነዚህን አትፈትሽ" የሚል ዝርዝር ነው። አክቲቬተር የተጫነበት ላይ ብዙ ጊዜ ሙሉው ሲ ድራይቭ እዚያ ተጽፎ አገኘዋለሁ። ባለቤቱ አንቲቫይረስ አለኝ ብሎ ይተኛል። አንቲቫይረሱ ግን ዓይኑን ተሸፍኖ ቁጭ ብሏል። አሁኑኑ ገብታችሁ እዩ፤ ራሳችሁ ያልጻፋችሁት ነገር ካለ አጥፉት።

ታዲያ ምን ይገባል? ሁለት ዓይነት ነው በብዛት የማየው። አንደኛው ሌባው ነው። ብሮውዘር ላይ ያስቀመጣችሁትን ፓስወርድ ሁሉ ለቅሞ በደቂቃ ይሄዳል። የቴሌግራም ዴስክቶፕንም ይወስዳል። ቴሌግራም በየቀኑ ኮድ የማይጠይቃችሁ ቁልፉን ኮምፒውተሩ ላይ ቲዳታ የሚባል ፎልደር ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ነው። ሌባው ፎልደሩን ገልብጦ እሱ ጋ ይከፍተዋል። ኮድ አይመጣላችሁም፣ ፓስወርድም አይጠየቅም። ከዚያ በስማችሁ ለዘመድ ሁሉ "ትንሽ ብር ላክልኝ" ይጽፋል። የደረሰበት ሰው ካለ ስልኩ ላይ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ ገብቶ ሌሎቹን ሴሽኖች፣ ማለትም አካውንቱ የተከፈተባቸውን ሌሎች ማሽኖች፣ በሙሉ ያባርር። ፓስወርዶቹን ደግሞ ከሌላ ንጹሕ ማሽን ይቀይር። ዴስክቶፑ ላይ ሎካል ፓስኮድ ብታደርጉ ያ ፎልደር ይቆለፋል።

ሁለተኛው ፋይል ቆላፊው ነው፣ ራንሰምዌር። በእኛ የቤት ኮምፒውተሮች ላይ ደጋግሜ ያየሁት ስቶፕ ወይም ዲጄቩ የሚባለው ቤተሰብ ነው። የሚመጣው በክራክ ነው። አንድ ደንበኛዬ ፎቶ አንሺ ነው፤ የሁለት ዓመት የሠርግ ፎቶ ከነሃርድ ዲስኩ ይዞ መጣ። የእያንዳንዱ ፎቶ ስም መጨረሻ ላይ የማይታወቁ አራት ፊደላት ተለጥፈዋል። አንዱም አይከፈትም። በየፎልደሩ አንዲት የጽሑፍ ፋይል አለች፤ 980 ዶላር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከከፈልክ 490። ምን ብሎ እንደገባበት ጠየቅኩት። ፎቶ ማቀነባበሪያ ክራክ። አንቲቫይረሱን አጥፍቶ። በማግስቱ ሌላ አንቲቫይረስ ገዝቶ ጭኖበት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የመርካቶ ልጅ፦ ፎቶዎቹ ተመለሱ?

ጠጋኙ፦ ኖ ሞር ራንሰም የሚባል ድረ ገጽ አለ። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ የኔዘርላንድስ ፖሊስና ዩሮፖል ከሁለት የደህንነት ኩባንያዎች ጋር የጀመሩት ነው። የታወቁ ቁልፎችን በነፃ ይሰጣል። ቫይረሱ ሲገባ ኢንተርኔት ተቋርጦ ከነበረ ፕሮግራሙ ውስጥ የተቀበረውን የጋራ ቁልፍ ይጠቀማል፤ ያ ቁልፍ ከተገኘ ፋይሉ የመከፈት ዕድል አለው። የእሱ ኢንተርኔት ግን በርቶ ነበር። አልተመለሱም። ኮፒ የሌለው ፋይል የለም በሉት የምለው ለዚህ ነው። ኮፒውም ሁልጊዜ የተሰካ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ አብሮ ይቆለፋል፤ ገልብጣችሁ ንቀሉት።

ደመወዝተኛው፦ ጋሼ፣ ምክሩ ጥሩ ነው። ግን ዋናውን ለመግዛት ዶላር ከየት ይምጣ? ሀገሩ ሁሉ የሚሠራው በክራክ ነው፣ መሥሪያ ቤቱም ጭምር። ሌባ አታድርጉን።

ጠጋኙ፦ ስለ ኃጢአቱ የነፍስ አባትህን ጠይቅ። እኔ የማወራው ስለ ኮምፒውተርህ ነው። አክቲቬት ያልሆነ ዊንዶውስ ጥግ ላይ ጽሑፍ ያሳይሃል፣ የጀርባ ምስል በቀላሉ አያስቀይርህም። የደህንነት አፕዴት ግን ይደርሰዋል። ስለዚህ ለዊንዶውስ ክራክ አያስፈልግህም፤ ጽሑፏን ታገሣት። ለኦፊስ ደግሞ ሊብሬ ኦፊስ አለ፣ ነፃ ነው።

ሊኑክስ ብቻ፦ ወይም ሁሉንም ትታችሁ በዊንዶውስ ፋንታ ነፃውን ሊኑክስ ሚንት ጫኑ። የዊንዶውስ ቫይረስ የለ፣ ክራክ የለ፣ አክቲቬሽን የለ።

አካውንታንቷ፦ የሒሳብ ሶፍትዌሬ ሊኑክስ ላይ ይሠራል?

ሊኑክስ ብቻ፦ ዋይን በሚባል ነገር ትሞክሪያለሽ...

አካውንታንቷ፦ እኔ ወይን የምጠጣው ሥራ ስጨርስ ነው።

ጠጋኙ፦ ሊኑክስ ጥሩ ነው። ግን በየቅዳሜው ይኼንኑ እንዳንከራከር። ቀጣይ።

ከሪያድ፦ ለእህቴ ደሴ የምልክላት ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ሻጩ "ዊንዶውሱም ሶፍትዌሩም ሙሉ ነው" አለኝ። ምንም ሳልነካ ልላከው?

ጠጋኙ፦ "ሙሉ" የሚለው ነው የሚያስፈራኝ። ሴቲንግስ ውስጥ ሪሴት ዚስ ፒሲ የሚል አለ። ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ፣ ከዚያ ክላውድ ዳውንሎድ ምረጪ። ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት አዲስ ያወርዳል። ከ4 ጊጋ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ እዚያው ሪያድ እያለሽ ጨርሺው። ደሴ ከደረሰ በኋላ በእህትሽ ፓኬጅ ነው።

ጡረተኛው፦ የእኔ ዊንዶውስ 10 ነው። አልቋል ይሉኛል። ልጣለው እንዴ?

ጠጋኙ፦ አይጣሉት አባቴ። የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቆሟል። አፕዴት ገጹ ላይ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ የሚል ይፈልጉ፤ ለቤት ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 2019 መጀመሪያ ያደርሳል። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው ሴቲንግስዎ በክላውድ እንዲቀመጥ ከፈቀዱ አያስከፍልም። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ዊንዶውስ 11 ካልተቀበለ ያኔ ሊኑክስ ብቻን ያነጋግሩ።

ሊኑክስ ብቻ፦ ደስ ይለኛል አባባ!

ደመወዝተኛው፦ አፕዴት ግን ፓኬጄን ይበላብኛል። ስለዚህ ዘግቼዋለሁ።

ጠጋኙ፦ አትዝጋው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው በአንድ ቀን ዓለምን ሲያዳርስ፣ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሲያስተጓጉል፣ መድኃኒቱ ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። አፕዴት ያላደረገው ነው የተመታው። ዋይፋይህን ሴቲንግስ ውስጥ ሜተርድ ኮኔክሽን፣ ማለትም ዳታው የሚቆጠር መስመር፣ አድርገው፤ አብዛኛውን በራሱ አያወርድም። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን በሌሊት ፓኬጅ ክፈትለት።

የመርካቶ ልጅ፦ ማስታወቂያስ? አንድ ዜና ለማንበብ ስድስቱን መዝጋት ነው።

ጠጋኙ፦ ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጂን የሚባለውን ማስታወቂያ ከልካይ ጫን። "ኦሪጂን" የሚለው ቃል ይኑርበት፣ ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ አለ። ክሮም ሙሉውን በ2017 ዓ.ም. ስላስወጣው እዚያ የሚሠራው ላይት የሚለው ነው። ለቤቱ ሁሉ ከፈለግክ ራውተሩ ላይ ዲኤንኤሱን፣ ማለትም የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመውን፣ 94.140.14.14 አድርገው፤ የአድጋርድ ነው፣ ብዙ ማስታወቂያ ያስቀራል። የዩቲዩብን ግን አያስቀርም።

ዩቲዩበሩ፦ ይቅርታ፣ እኔ የምበላው ከማስታወቂያ ነው። ሁሉም ብሎክ ካደረገ በአማርኛ ማን ይሠራል?

የፎቶኮፒ ቤት ባለቤት፦ በየሦስት ደቂቃው የምታስገባውን ቀንስና እናያለን።

ዩቲዩበሩ፦ የሚያስገባው ዩቲዩብ ነው እኮ!

የፎቶኮፒ ቤት ባለቤት፦ ቁልፉ አንተ እጅ ነው። የአጎቴም ልጅ ዩቲዩበር ነው።

ጠጋኙ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የምትወዱትን ገጽ ከብሎኩ ነፃ አድርጉት፤ አንድ ቁልፍ ነው። እኔ የምፈራው የሳሙናውን ማስታወቂያ አይደለም። ፕሮግራም ስታወርዱ ከእውነተኛው ዳውንሎድ ጎን የሚቆመውን ትልቁን አረንጓዴ ዳውንሎድ ነው። እሱ ማስታወቂያ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ምርጡ አንቲቫይረስ የቱ ነው?

ጠጋኙ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ ለስልክስ?

ጠጋኙ፦ ስልክ አልነካም።

አዲስ ገቢ፦ ኮምፒውተሬም ይንቀራፈፋል።

ጠጋኙ፦ ሲንቀራፈፍ ምን ይላል? የትኛው ዊንዶውስ? ክራክ አለበት?

አዲስ ገቢ፦ ትንሽ።

ጠጋኙ፦ ትንሽ ክራክ።

ተማሪ ከጅማ፦ ጋሼ! ስም የሌለው ፎልደር አገኘሁ። ውስጡ ሁሉም አለ። ምዕራፍ አራትም አለ!

ጠጋኙ፦ ስካኑ ጨርሶ ነበር?

ተማሪ ከጅማ፦ አዎ፣ ሁለት አግኝቶ አጥፍቷል።

ጠጋኙ፦ ወደ ላፕቶፑ ኮፒ አድርጊ። አንዱን ደግሞ አሁኑኑ ለራስሽ በኢሜይል ላኪ። ከዚያ እራትሽን ብዪ።

ተማሪ ከጅማ፦ ሾርትከቶቹንስ ምን ላድርጋቸው?

ጠጋኙ፦ ልጄ፣ ፎርማት ብዬሻለሁ እኮ።